ልጆቻችንን ባሕር ማዶ የላኩት፣ አንዱን ግን የከለከሉት ወይዘሮ ትርንጎ

ወይዘሮ ትርንጎ ደምሴ ዐርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ ሰላማዊት ነኝ፤ በመጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላም እዚህ ሲያትል ባለ አንድ ትንሽ ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ የቢሮ ረዳታቸው የነበርኩ። ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ላይ ሳሉ ነው። በቅርቡ የሚጓዙ ተማሪዎች ገለጻ የሚሰሙበትን ክፍል ወንበር ሲያስተካክሉ ልባቸው ከዳቸው። በዚያው ጠዋት የልብ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ሰርዘውታል። ከዚያ በፊት የነበረውንም ሰርዘውት ነበር። ለምን እንደማይሄዱ በጠየቅኳቸው ጊዜ የሰጡኝ መልስ፣ «ልቤ የት ይሄዳል? ልጆቹ ናቸው የሚሄዱት» የሚል ነው።

የመታሰቢያ ጽሑፍ በተረጋጋ መንፈስ መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ። ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወይዘሮ ትርንጎን ሳስብ ከእንባዬ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። አብረዋቸው የሠሩ ይረዱኛል። በሕይወት ሳሉ ያናድዱኝ ነበር፣ አሟሟታቸውም አናደደኝ፣ በለቅሶው ላይ የሰማሁት ደግሞ ከሁሉም ባሰ። ስለዚህ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ሥራቸው ምን እንደነበር ልናገር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ሰው «ትራቭል ኤጀንት ነበሩ» ሲል ሰምቼ አንጀቴ አሯልና። ኮሌጃችን በየዓመቱ ተማሪዎችን ለአንድ ሴሚስተር ከግቢው ውጭ ይልካል። አንዳንዶቹ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፤ ኡጋንዳ፣ ግብጽ፣ ኮስታሪካ፣ እንግሊዝ። ሌሎቹ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ወዳለ ሌላ ከተማ ሄደው በአንድ መሥሪያ ቤት እየሠሩ ይማራሉ። በሰው ቤት ያድራሉ፣ የሰውን ቋንቋ ይሰባብራሉ፣ ከአገሬው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ሽርሽር አይደለም፣ ስብከትም አይደለም። ወይዘሮ ትርንጎ የሚሄደውን ይመርጣሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ይሸኛሉ፣ ሲመለስም የተማረውን እስኪጽፍ ድረስ እግር በእግር ይከታተላሉ።

ይህን ሥራ እንዴት ችለው እንደኖሩ አይገባኝም። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ኮሌጁ የፕሮቴስታንት ነው። ረቡዕ ረቡዕ በኮሌጁ ጸሎት ቤት ከበሮና ጊታር ሲያስተጋባ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር። «አይረብሽዎትም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ። «እግዚአብሔር ታጋሽ ነው፤ ጊታርም ይሰማል» አሉኝ። የሠፈራችን ሰው «ልጆቻችንን ጴንጤ ልታደርግብን ነው» ይላቸዋል። የኮሌጁ ሰዎች ደግሞ ጌታን መቀበል አለመቀበላቸውን በየዓመቱ በትሕትና ይጠይቋቸዋል። እሳቸው በሁለቱም አልተቆጡም። የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

ከኮሌጁ ጋር የተጣሉበት አንድ ነገር ቢኖር ፎቶግራፍ ነው። ተማሪዎች ከአፍሪካ ሲመለሱ ሕፃናት አቅፈው የተነሡትን ፎቶ ያመጣሉ፤ የማስታወቂያ ክፍሉም ያንን በመጽሔቱ ሽፋን ላይ ማውጣት ይወዳል። ወይዘሮ ትርንጎ ፎቶውን ይዘው ተማሪውን ያስቀምጡትና፣ «የዚህ ልጅ ስሙ ማን ነው?» ይላሉ። ተማሪው ካላወቀ ፎቶው አይወጣም፤ አለቀ። አንድ ዓመት የልጆቹን ስም የሚያውቅ ተማሪ ጠፍቶ መጽሔቱ የወጣው በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ፎቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ዘንድ መጥቶ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ምን ላድርግለት? ለእሳቸው ብነግራቸው፣ «አውቶቡሱ ምን አለው? ልጆቹ በሱ አይደል የሄዱት?» ነው የሚሉኝ።

የራሴንም ጉዞ ላንሣ። እኔ ያመለከትኩት እንግሊዝ ለመሄድ ነበር። ማመልከቻዬን አነበቡና ቀና አሉ።

«እንግሊዝ ለምን?»

«ታሪኳን ስለምወድ።»

«ታሪኳ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ኡጋንዳ ውስጥ ማንን ታውቂያለሽ?»

«ማንንም።»

«እንግዲያው ኡጋንዳ ነሻ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ቤቱ ተናወጠ። እናቴ ፌደራል ዌይ በምትባለው ጎረቤት ከተማ አዛውንት ትጦራለች፤ የሰው እናት ስታገላብጥ ውላ የምትገባ ሴት ናት። በዚያው እሑድ ወይዘሮ ትርንጎ ሳይጠሩ አፓርታማችን መጡ። እናቴ ወንበር እንኳ በቅጡ ሳታቀርብላቸው ጀመረች።

«እኔ ይቺን ልጅ ከአፍሪካ ይዤ ለመውጣት ያየሁትን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። እናንተ ደግሞ ለትምህርት ብላችሁ መልሳችሁ አፍሪካ ትልኩብኛላችሁ? ሰው ምን ይለኛል? ‹ልጇ ኮሌጅ ገባች ሲሉን፣ ዲፖርት ተደርጋ ተመለሰች› አይልም?»

«እህቴ፣» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ይዘሻት ስትወጪ ልጅ ነበረች። አፍሪካን ያየችው በአውሮፕላን መስኮት ነው።»

«እሺ ታዲያ፣ የግድ ከሆነ ለምን አገሯ አትልኳትም?»

«እዚያ ዘመድ አላት። ዘመድ ያለው እንግዳ ይሆናል እንጂ ተማሪ አይሆንም።»

 «ወባስ?» አለች እናቴ።

«መድኃኒት ትወስዳለች።»

«እባብስ?»

«እባቡ ይጠንቀቅ እንጂ፤ ይቺ ልጅሽ ነገረኛ ናት።»

እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ደግሞ በመሳቋ ተናደደች። እኔም ሄድኩ። ስመለስ የጻፍኩትን ሪፖርት ግን ሁለት ሳምንት አስቀምጠው መለሱልኝ። «ድሆች ናቸው፤ ግን ደስተኞች ናቸው» ከሚለው ዐረፍተ ነገሬ ጎን በቀይ እስክሪብቶ፣ «ጠየቅሻቸው?» ብለው ጽፈውበት ነበር። ያንን ዐረፍተ ነገር የማይጽፍ ተማሪ ስለሌለ፣ እሳቸውም ያንን ጥያቄ የማይጽፉበት ሪፖርት አልነበረም። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ረዳታቸው ሆኜ ሪፖርት ሳነብ እጄ ያንኑ ቃል ይጽፋል፤ አሁንም እናደዳለሁ።

ወደ ናሆም ልምጣ። ይህንን የምጽፈው ናሆምና አባቱ ፈቅደውልኝ ነው፤ ባይፈቅዱ ኖሮ ወይዘሮ ትርንጎ ከመቃብር ተነሥተው አፌን ይይዙኝ ነበር።

ናሆም ኮሌጃችን የገባው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት ማብቂያ ግድም ነው። እኔ ያኔ ተመርቄ ቢሮው ውስጥ መሥራት ጀምሬአለሁ። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ከአባቱ ከአቶ ግርማ ጋር ሬኒየር ቫሊ ሠፈር ይኖር ነበር። አቶ ግርማ ኤርፖርቱ አጠገብ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ውስጥም የተከበሩ ሰው ናቸው። ናሆም ለግብጹ ሴሚስተር አመለከተና ተመረጠ። ከቅዳሴ በኋላ ዜናው ሲነገር የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እልል አለ። አንዳንድ እናቶች የበረሃ አባቶችን ገዳም እንዲሳለምላቸው ስለት ሁሉ ሰጡት። ልጁ በደስታ ዓረብኛ ፊደል በየናፕኪኑ ላይ ይጽፍ ጀመር።

የቀረው የመኖሪያ ፈቃዱ ኮፒ ብቻ ነበር። «አባቴ ጋ ነው» ይላል ናሆም። ሳምንቱ ያልፋል፣ ኮፒው አይመጣም። ወይዘሮ ትርንጎ ለአባትየው ስልክ ይደውላሉ፣ አይነሣም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ ራሳቸው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮ መጡ። እኔን አዩኝ፤ «ትውጣ» አላሉም፣ ዐይናቸው ግን አለ።

«ሰላማዊት የቢሮው ሰው ናት» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «እኔ የሰማሁትን እሷም ትሰማለች፤ ከዚህ በር ግን አይወጣም።»

አቶ ግርማ ተቀመጡና ተናገሩ። የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ከዓመታት በፊት ጥገኝነት ጠይቀዋል፤ ጠበቃ ተቀይሯል፣ ቀጠሮ ተላልፏል፣ መልስ አልመጣም። የሥራ ፈቃድ ስላላቸው ልጁ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። «አንገቱን ደፍቶ እንዳያድግብኝ ብዬ ነው» አሉ።

«ጉዳዩ ሳያልቅ ከአገር ቢወጣ ምን እንደሚሆን ጠበቃው ነግሮዎታል?»

አልነገራቸውም። ወይዘሮ ትርንጎ በቀስታ ነገሯቸው፦ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል፤ መውጣት ይወጣል፣ መመለሻ ግን ላያገኝ ይችላል። 

«በገዛ እጄ ልሸኘው ነበር» አሉ አቶ ግርማ። ከዚያም፣ «እባክዎን እመቤቴ፣ ይህ ነገር እንዳይሰማ። ለልጁ እኔው ጊዜ ፈልጌ እነግረዋለሁ። ሰው ከሰማ ደግሞ... ክፉ ሰው አይጠፋም፤ አንድ ስልክ ይበቃል።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ይቺን «እሺ» ነው ዕድሜዬን ሙሉ የማልረሳት። ለራሳቸው ምንም ሳያስቀሩ፣ ቀነ ገደብ ሳያደርጉ፣ «እስከዚህ ጊዜ ካልነገሩት ግን» ሳይሉ። እሺ። በቃ።

በማግሥቱ ናሆምን ጠሩት።

«ግብጽ አትሄድም።»

«ዋት? ምን አደረግኩ?»

«ምንም አላደረግህም።»

«ሶ ለምን?»

«አባትህን አነጋግር።»

ልጁም ሮጦ አባቱን ጠየቀ። አቶ ግርማ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «እነሱ ናቸው የከለከሉህ፤ እኔ ምን አውቄ።»

ወሬው በሳምንቱ አዳራሹን ሞላው። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ በምንበላበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁ። «የራሷን ወገን! ፈረንጅ ቢሆን ታስቀረው ነበር?» ትላለች አንዷ። «እሷ ልጅ የላትም፤ የሰው ልጅ ሲያልፍለት እንዴት አይታ ትችላለች?» ትላለች ሌላዋ። አቶ ግርማ በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው ሽሯቸውን ይመለከታሉ። ቀና አላሉም።  ወይዘሮ ትርንጎ ሳህናቸውን ይዘው ሲመጡ ጨዋታው ቆመ፤ ባዶ የነበረው ወንበር ሁሉ በድንገት ለሰው የተያዘ ሆነ። ግድግዳ ተደግፈው ቆመው በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመሩ።

መኪናቸው ውስጥ ገብቼ ፈነዳሁ።

«እትዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ትበቃለች!»

«የማን ቃል?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«የእኔ አይደለም። የሰው ገመና ነው።»

«ሰውየው እኮ ሲሰድቡዎት አጠገባቸው ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ!»

«ይብሉ። የፈራ ሰው ካልበላ ይወድቃል።»

በሩን በርግጄ ወጣሁ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይከራከሩታል?

ናሆም ሰላም ማለት ተወ። ቢሮአችን ባለበት ፎቅ ማለፍ ሁሉ ተወ። እሳቸው ግን እንደ ተራ ጉዳይ ቁጭ ብለው ሌላ ሴሚስተር ይፈልጉለት ጀመር፤ ፓስፖርት የማይጠይቅ፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ። ቺካጎ ተማሪዎች በአንድ ቤት አብረው እየኖሩ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩበት ፕሮግራም ነበር። በኢሜይል ጻፉለት፣ አልመለሰም። ኮል አደረጉለት፣ አላነሣም። እኔም፣ «ካልፈለገ ይቅርበት እንጂ፣ ምን ያንገበግብዎታል?» አልኳቸው። ቦርሳቸውን አነሡና፣ «ንጂኝ» አሉኝ።

ናሆም ማታ ማታ ሊንውድ ከተማ ባለ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጫማ ቤት ይሠራ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ሌላ ሻጭ ሊረዳቸው ቢመጣ፣ «ያንን ልጅ ነው የምጠብቀው» አሉት። ናሆም አለቃው እያየው ስለሆነ ምርጫ አልነበረውም፤ መጥቶ ተንበርክኮ እግራቸውን ለካ።

«እዚህ ሥራ ላይ ነህና ትተኸኝ አትሄድም» አሉት በአማርኛ። «ቺካጎ አንድ ቦታ አለ። ስደተኞችን በሕግ የሚረዳ ቢሮ ነው፤ አማርኛ የሚያስተረጉም ተማሪ ይፈልጋሉ።»

«ከእርስዎ ምንም አልፈልግም።»

«ከእኔ አይደለም፤ ከነሱ ነው። ይሄ ጠበበኝ፣ ሌላ አምጣ።»

ሌላ አመጣ። እሱም ጠበበ። የሚቀጥለው ሰፋ። እኔ በሐፍረት ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ነበር። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እያወሩ፣ ልጁ ሣጥን እየከፈተ፣ አንዴ ፊቱን ሲያጠቁር አንዴ ሲመልስ አየሁ። በመጨረሻ ምንም ሳይገዙ ወጡ።

«ምን አለ?»

«‹አስብበታለሁ› አለ። ጫማ ግን የላቸውም፤ ሁሉም ለወጣት ነው።»

ናሆም ቺካጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። አንድ ቀን በአባቱ ዕድሜ ያሉ ሰውዬ ወደዚያ ቢሮ መጡ። እናታቸው ጎንደር ሞተውባቸው ሄደው ሊቀብሩ ይፈልጋሉ። ጠበቃዋ በእንግሊዝኛ የምትለውን ናሆም ወደ አማርኛ መመለስ ነበረበት፦ «ጉዳይዎ ሳያልቅ ከወጡ መመለስ አይችሉም። የሥራ ፈቃድ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ማለት አይደለም።» ሰውየው እናታቸውን ሳይቀብሩ ሊቀሩ መሆኑን ከናሆም አፍ ሰሙ። ናሆም ግማሹን ሲተረጉም የራሱና የአባቱ የሥራ ፈቃድ ትዝ አለው። በምሳ ሰዓት ከሕንጻው ወጥቶ ለአባቱ ደወለ።

«አባዬ፣ እኛስ?» አለ።

አቶ ግርማም በስልኩ ውስጥ ሲያለቅሱ ነገሩት።

ሴሚስተሩ አልቆ ሲመለስ በቀጥታ ቢሮ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ትርንጎ ከኮምፒውተራቸው ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ሪፖርትህ ዘግይቷል።» ልጁ እየሳቀም እያለቀሰም ጠረጴዛቸውን ዞሮ አቀፋቸው። እሳቸውም ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ዓርብ አስገባ» አሉት።

ከሄደ በኋላ አፋጠጥኳቸው። «እትዬ፣ እዚያ ቢሮ የመደቡት ሆን ብለው ነው አይደል? ሳይነግሩት እንዲያውቅ!»

«ቋንቋው የሚፈለግበት ቦታ ነው የመደብኩት። ቅጹን አንቺው አይደለሽ የሞላሽው?»

እውነት ነው፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ የተለየ መልስ አልሰጡኝም፤ ከእንግዲህም አይሰጡኝም።

ናሆም በዚያው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ሁሉን ሊናገር ፈለገ። ከለከሉት። «የአባትህ ጉዳይ ሳያልቅ ትንፍሽ እንዳትል» አሉት። ጉዳዩ ደግሞ ዓመታት ፈጀ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አቶ ግርማ ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ አብረው የሚሄዱት፣ የሚያስተረጉሙላቸው፣ ኮሪደር ላይ አብረው የሚጠብቁት ማን ይመስላችኋል? እሑድ ሲሆን ግን አቶ ግርማ በአንገታቸው ሰላም ብለዋቸው ያልፋሉ። የጠረጴዛው ሰው እንዳይጠይቃቸው ፈርተው ነው። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ አይቻለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ወረቀት የመጣ ጊዜ አቶ ግርማ ምክንያቱን ሳይናገሩ በአዳራሹ ድግስ ደገሱ። ወይዘሮ ትርንጎ አልተጠሩም። ናሆም ያኔ ተመርቆ ቺካጎ እዚያው ቢሮ ተቀጥሮ ነበር፤ በስልክ ሰምቶ ጮኸ። «አሁን ምን ቀረ? አሁን እናገራለሁ!» አለ። ወይዘሮ ትርንጎ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«አንተ ከተናገርክ አባትህ ሁለተኛ እዚያ አዳራሽ አይገቡም። ሚስት የላቸው፣ አንተ ሩቅ ነህ፤ የቀራቸው ማኅበሩ ነው። ቢናገሩ ራሳቸው ይናገሩ።»

«እርስዎስ? የእርስዎስ ማኅበር?»

«እኔማ እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ኮል አድርጌላቸዋለሁ» አሉ፤ ጥያቄው ሌላ እንደሆነ እያወቁ።

እንዲህ ሆነው ኖሩ፤ እንዲህ እንዳሉም ሞቱ።

በቀብራቸው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም አይደል? ያቺው «ልጅ የላትም» ያለችው ሴት ደረቷን እየመታች «የልጆቻችን እናት» ስትል ሰማሁ። ወጥቼ ልሄድ ስነሣ ነው አቶ ግርማ ወደ ማይክሮፎኑ የሄዱት። አርጅተዋል። ከቺካጎ የመጣው ናሆም ክንዳቸውን ሊይዝ ቢሞክር ገፉት።

«ልጄን ግብጽ እንዳይሄድ የከለከሉት እኚህ ሴት ናቸው እያላችሁ ስትሰድቧቸው እኔ አብሬያችሁ ነበርኩ» አሉ። «ልጄ ወረቀት አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ልጅ የለኝም። እሳቸው እኔን ደብቀው እናንተን ቻሉ። ለመናገር ሁልጊዜ የሚቀጥለውን እሑድ እጠብቅ ነበር። እሑድ አላለቀም ነበር፤ እሳቸው አለቁ።»

 ከጎኔ የነበሩት ሁሉ አለቀሱ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ የተሰማኝ ንዴት ነው። አሁን? አሁን ነው የሚነገረው? የሚሰማው ሬሳ ሣጥን ነው እኮ! አቶ ግርማ ከመድረኩ ወርደው እፊቴ ቆሙ። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ተቀመጡ። ሳልወድ በግዴ አንድ ሳህን ምግብ አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ እስኪጨርሱም ቆምኩ።

እትዬ ትርንጎ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው፤ ቢያንስ ዛሬ አያቋርጡኝም።

ከቀብርዎ ወዲህ ሰዎች ይቅርታ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ እርስዎን ስላጡ ወደ እኔ ይመጣሉ። ቢሮው ድረስ ይመጣሉ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ያቆሙኛል፣ የመኪናዬን መስኮት ያንኳኳሉ። እኔ ምን ልበላቸው? ይቅርታውን የምቀበልበት ሥልጣን የለኝም፤ ቢኖረኝም ለአንዳንዶቹ አልሰጥም ነበር። እርስዎ ግን ገና ሳይጨርሱ ይቅር ብለው ስለ ልጆቻቸው ይጠይቋቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴት መጣች። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ጠበቅኳት። ስትጨርስ፣ «ልጅ አለሽ?» አልኳት፤ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ። አላት። ልጅቷ እኛው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ከቤትና ከግቢ ውጭ የትም ሄዳ አታውቅም። እናትየው ኮስታሪካ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እባብ እንዳለና እንደሌለም ጠየቀችኝ።

ልጅቷ ሰኞ ትመጣለች። ማመልከቻዋን አይቼዋለሁ፤ ገና ብዙ የሚታረም አለበት።

ያሳደጓቸው ልጆች ጸሎት አይለይዎት፤ የተሸከሙትንም ሁሉ ፈጣሪ ይቁጠርልዎት። እርስዎ ይረፉ፣ እትዬ። እኔ ሥራ አለብኝ።